በማርያም ስም ወይስ በሐኪም እጅ?

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። እኛ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወንበር ያልተነሣን ወጣቶች ስለ ወሊድ ለመጻፍ ስንነሣ ይህ ተረት እንደሚተረትብን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ዝም እንዳንል ያደረገን ነገር አለ፤ እርሱን አስቀድመን እንናገር።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ደባርቅ ተመልሰን ሳለን፣ ከሊማሊሞ ሥር ወዳለች አንዲት መንደር ለንግሥ በዓል ወረድን። ያሳደረችን እኅት ቀኗ የተቃረበ ነፍሰ ጡር ነበረች። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «እስቲ እናንተ ተምራችኋል፤ እዚሁ ልውለድ ወይስ ደባርቅ ልውጣ ትሉኛላችሁ?» አለችን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየንና «አይዞሽ፣ ማርያም ታውቃለች» ብለናት በነጋታው ከበሯችንን ተሸክመን ተመለስን። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ፣ በዝናብና በጭቃ በቃሬዛ አቀበቱን አወጧት። እርሷ ተረፈች። ልጇ ግን አልተረፈም።

የተናገርነው ቃል ሐሰት አልነበረም። ዳሩ ግን መልስ ስትጠይቀን መልስ ላለመስጠት የተጠቀምንበት ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ ከኅሊናችን አልወጣም።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉዳዩን ስንወያይበት ሁለት ወገን ሆንን። አንደኛው ወገን «ወሊድ በሽታ አይደለም፤ እናቶቻችን ሁሉ በቤታቸው ወልደዋል» አለ። ይህ አባባል በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አብዛኛው ወሊድ ያለ ብዙ የሐኪም ጣልቃ ገብነት የሚፈጸም ነው። ደግሞም በቤት ውስጥ እናት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ ወገብ የሚደግፍ አለ፤ ልጁ ሲወለድ እልልታው፣ ገንፎው፣ «ማርያም ትማርሽ» የሚለው ምርቃት አለ። ሴቶቻችን ከጤና ተቋም የሚሸሹት ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። በማያውቋቸው ሰዎች ፊት ተገልጦ መተኛትን፣ ብቻ መሆንን፣ ሲጮኹ መቆጣትን ፈርተው ነው። ይህን ፍርሃት «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያልፍ የተማረ ሰው ራሱ ገና አልተማረም።

የሐኪምም እጅ ሁልጊዜ አዳኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ዘመልቫይስ የተባለ ሐኪም በቪየና ሆስፒታል አንድ ነገር አስተዋለ። የሕክምና ተማሪዎችና ሐኪሞች በሚያዋልዱበት ክፍል፣ ከአዋላጆቹ ክፍል ይልቅ ብዙ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው፣ እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ወደ ወላዷ ይሄዱ ነበርና ነው። በዘመናችንም ሳያስፈልግ የሚደረግ ኦፕራሲዮን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በቀዶ ጥገና የሚወለደው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ቢያልፍ በቂ ምክንያት እንደሌለው አስታውቆ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በጠቅላላው ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21 ያህል ነበር። በአንድ አገር ውስጥ አንዷ እናት ኦፕራሲዮን በማጣት ስትጎዳ፣ ሌላዋ ምናልባት ሳያስፈልጋት ትቀደዳለች ማለት ነው። የማኅፀን ጠባሳም ለሚቀጥለው ወሊድ አደጋን ይጨምራል፤ ከመንገድ ለራቀች እናት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ግን «ስለ ሞቱትስ ምን ትላላችሁ?» ሲል ጠየቀ። በዚያው ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ተገምቷል። ሳትሞት የምትቀረውም አለች። የሕፃኑ ራስ ለቀናት ሳይወጣ ሲቀር ሥጋዋ ተጨፍልቆ ይሞታል፤ ሽንቷም ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ፊስቱላ ይሉታል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት እንዲህ ያሉ እኅቶቻችን ከሰው ተለይተው ሲኖሩ አይተው ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ መክፈቱ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም የተቀደደውን ከመስፋት እንዳይቀደድ መጠበቅ እንደሚሻል ነው።

እንግዲህ ለመሆኑ «ተፈጥሮ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ምጥ ተፈጥሮ ከሆነ ፊስቱላም፣ ደም መፍሰስም ተፈጥሮ ነው። ወንዝ ሲሞላ ተፈጥሮ ነው ብለን ድልድይ ከመሥራት አንቦዝንም። እ.ኤ.አ. በ1853 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በምጥ ጊዜ ክሎሮፎርም ሲሰጣት፣ የምጥን ሥቃይ ማቅለል የፈጣሪን ፈቃድ መቃወም እንዳይሆን የሰጉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን ሥቃይን ማስታገሥ ኃጢአት ነው የሚል ብዙ ሰው አናገኝም። የእኛም እናቶች ተፈጥሮን እንዲሁ ትተውት አያውቁም፤ ሆድ ያሹ ነበር፣ እትብት ይቆርጡ ነበር፣ መድኃኒት ያጠጡ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው እጅ ይግባ ወይስ አይግባ አይደለም። የማን እጅ፣ መቼ፣ በምን ዕውቀት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን መልክዐ ምድር መርሳት አይገባንም። ጎንደር ከተማ ያለች ሴት «ያለ መድኃኒት፣ በራሴ ጊዜ ልውለድ» ብትል፣ ነገሩ ሲከፋ ሐኪሙ ቅርብ ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ በተራራው መንገድ ወደ ደባርቅ የምትመጣ ሴት ግን ያው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። እርግዝናዋ ደህና የነበረች ሴት እንኳ ከወለደች በኋላ ደም በድንገት ሊፈሳት ይችላል፤ ማን እንደሚደርስበትም አስቀድሞ በእርግጥ አይታወቅም። የቅርቧ ምርጫ ያላት ሲሆን ለሩቋ ግን የሚመርጥላት ርቀቱ ነው።

ስለዚህ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። እናት እርዳታ ባለበት ትውለድ፤ እርዳታውም ሳይጠሩት አይቸኩል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ ምጡን በመድኃኒት ማጣደፍ እንደማይገባ፣ ወላዷም የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። ጥሩ አዋላጅ መሥራትን ብቻ ሳይሆን መጠበቅንም ታውቃለች። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለእናቶች ማቆያ ቤት መሠራቱ፣ ገንፎና ቡናም እንዲዘጋጅ መደረጉ፣ የማርያም ስምና የሐኪም እጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር እንደሚችሉ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። የቀሩትም መንገዱና ክብሩ ቢመቻችላቸው ይመጣሉ ብለን እናምናለን።

ነገር ግን ዝግጅት ያለ ጎረቤት አይሆንም። ከብቱን ማን ይጠብቅ? ትልልቆቹን ልጆች ማን ያብላ? ቃሬዛውን እነማን ይያዙ? ይህን ሁሉ ምጥ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ከንቱ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እርሷ ራሷ ትጠየቅ፤ የሚያምጠው የባል ወይም የአማት ሆድ አይደለምና።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! መጸለይና መዘጋጀት አይጣሉም። ሳይዘጋጁ «እርሷ ታውቃለች» ማለት ግን የእምነት ስም የተሰጠው ስንፍና ነው፤ እኛ ሠርተነዋልና እናውቀዋለን። ከእንግዲህ አንዲት እኅት ያንን ጥያቄ ብትጠይቀን መልሳችን «ማርያም ትርዳሽ፤ ቀንሽ ሳይደርስ መቼ መጥተን እንውሰድሽ?» የሚል ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።