የባልንጀራን መጽሐፍ ስለ ማንበብ

አንባቢ ሆይ፤ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ ገበያ ከጆንያው አፍ ደረቁን ቡና አሳይቶ ከሥሩ እርጥቡን የሚሸጥ ነጋዴ ብታገኝ አታላይ ትለዋለህ። የባልንጀራውን መጽሐፍ እንዲሁ አድርጎ የሚያነብስ ምን ይባላል?

በበጌምድር ሼህ ዘካርያስ የሚባሉ የእስልምና መምህር ነበሩ። ቁርዓንን መርምረው ስለ ኢየሱስ የሚናገረውን በወንጌል ብርሃን ተረጐሙት፤ ከሊቃውንቱም ጋር በዚያው በቁርዓን ተከራከሩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 ተጠመቁ፤ ብዙዎችም ተከተሏቸው፤ በ1920 ዐረፉ።

እነሆ ጥያቄው፤ በሌላው መጽሐፍ የራስን እምነት መፈለግ ቅን ሥራ ነውን? ቁርዓን በአራተኛው ምዕራፍ ኢየሱስን የእግዚአብሔር ቃል ይለዋል። በዚያው ምዕራፍ ግን ስቅለቱን ይክዳል፤ ሦስት ማለትንም ይከለክላል። እኔ በጉብዝናዬ ያንን ጠቅሼ ይህን እሸሽግ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እስላም፣ «ልጄ፣ ቀጥሎ ያለውንስ ለምን ተውኸው?» ቢሉኝ አፍሬ ዝም አልሁ።

እስላሞችም በዮሐንስ ወንጌል ያለው ጰራቅሊጦስ ነቢያችን ነው ሲሉን፣ «ምዕራፉን እስከ መጨረሻ አንብቡ» እንላቸዋለን። እንግዲያስ እኛም በዚያው ሚዛን እንመዘን።

ወዳጄ ሆይ፤ መጻሕፍትን ማስተያየት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን አስቀድመህ የባልንጀራህን እምነት እርሱ ራሱ «አዎን፣ እንዲህ ነው» እስኪልህ ድረስ በትክክል ተናገር፤ ከዚያ በኋላ የአንተን የአንተ ብለህ መስክር። እውነት በሐሰት ሚዛን ልትሸጥ አያስፈልጋትምና።