ገመዱና ጨርቁ

(ኤርምያስ 38፥6-13)

ገመድ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ገበሬ ከብቱን ያስርበታል፤ እናት እንስራዋን ታዝልበታለች፤ ወንበዴም መንገደኛውን ይጠፍርበታል። አንዲት የቃጫ ፈትል በጣት ትበጠሳለች፤ ብዙዎቹ በአንድነት ሲገመዱ ግን በሬ ይይዛሉ። ስለዚህ አባቶቻችን፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፥ አሉ።

በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ የጠፍር ገመድ ይዞ ይወጣል፤ ሌላ ገመድም በወገቡ ታስሮ ከላይ ያለው ሰው ይስበዋል። ሠዓሊዎችም አባ አረጋዊን ሲሥሉ፥ እንደ ትውፊቱ፥ ከገደሉ በወረደ ዘንዶ ሲወጡ ያሳያሉ። ሰው በገዛ ጉልበቱ ብቻ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከላይ የሚስበው ያሻዋል። ነገር ግን የሚስበው እጅ እንዴት ይሳብ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ፥ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች፥ መኳንንቱ ነቢዩ ኤርምያስን በገመድ ወደ ጕድጓድ አወረዱት፤ በውስጡም ጭቃ እንጂ ውኃ አልነበረም። ያወጣውም ገመድ ነው። የንጉሡ ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ንጉሡን ሴዴቅያስን ደፍሮ ለመነ፤ ሰዎችንም ይዞ ሄደ። ገመዱን ከማውረዱ በፊት ግን ከግምጃ ቤቱ በታች አሮጌ ጨርቅ ወሰደ፤ ነቢዩም ጨርቁን በብብቱና በገመዱ መካከል ያደርገው ዘንድ ነገረው።

ወገኖቼ ሆይ፥ በዚህ ጨርቅ ፊት ጥቂት እንቁም። በረሃብ ሊሞት ለቀረበ ሰው የብብት ቍስል ምንድር ነው? አቤሜሌክ ግን የሚያድነው ሰው ሥጋ እንዳለው አልዘነጋም። እኛስ? የወደቀውን ወንድም በማኅበር ፊት ስንገሥጽ ቃላችን እውነት ነው፥ ገመዱም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ጨርቁን ስለ ረሳን ስንቶች ገመዱን ጥለው ወደ ጭቃው ተመለሱ! እኛም ልባቸው የደነደነ ነው ብለን ሄድን።

ገመድ ሳይኖር ጨርቅ ብቻ መጣልም ፍቅር አይደለም፤ ማባበል ሰውን ከጭቃ አያወጣምና። እውነት ገመዱ ነው፤ ርኅራኄ ጨርቁ ነው።

እግዚአብሔር ከላይ ሆኖ ገመድ ብቻ አልጣለልንም፤ ልጁ ራሱ ወዳለንበት ጕድጓድ ወረደ፥ ስለ እኛም ታሰረ። እንግዲህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ለወደቀው ገመድ ልታወርድ ስትነሣ አስቀድመህ አሮጌውን ጨርቅ ፈልግ። አሜን።