እንግዳ ማን ነው?

እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረው ብዙ ነው፤ ስለ መሸኘት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በአገራችን ልማድ ሁለቱ አይለያዩም፤ እግር ያጠበና ማዕድ ያቀረበ ባለቤት፥ እንግዳው ለመሄድ በተነሣ ጊዜ ስንቁን ይዞ እስከ ደጅ፥ ወዳጅ ሲሆንም እስከ ወንዝ ይሸኘዋል። እንግዲህ መልካም አድርጎ ተቀብሎ አልሸኝም ያለ ሰው፥ እንግዳ ተቀባይ ይባላልን? ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረው የአንድ ቀን ሽርሽር ነው።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ከሲኤምሲ ሰፈር ሦስት ወዳጆች ሆነን፥ ልጆቻችንን ለመጠየቅ ወደ ለንደን ሄደን ነበር። አንድ ማለዳ በባቡር እስከ ደቡቡ ጠረፍ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ዋይት ደሴት ተሻግረን፥ ፍሬሽዋተር በምትባል የባሕር ዳር መንደር ዋልን። ነጩ የኖራ ገደል ከባሕሩ በላይ ቆሟል፤ ሕፃናት በጠጠሩ ላይ ይሯሯጣሉ። እኛም ዳቧችንን ቆርሰን በላን፤ ሽበታችንንም ረስተን ጫማችንን አውልቀን ማዕበሉን ረገጥን።

ከዚያ አንዱ ወዳጄ፥ «ዓለማየሁም እዚህ ሮጦ ይሆናል» አለ። ሳቃችን ተቋረጠ።

ልዑል ዓለማየሁ፥ አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የሄደ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ዐረፉ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚሁ ደሴት በኦስቦርን ቤት አይታ ወደደችው፤ አማርኛ ከሚያውቀው ከካፒቴን ስፒዲ ጋራም በፍሬሽዋተር ኖረ። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ። ንግሥቲቱ አዘነች፤ በዊንዘርም አስቀበረችው። በመታሰቢያው የናስ ሰሌዳ ላይ፥ ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ስለ እንግዳ መቀበል የሚናገረው ቃል ተቀርጿል።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን ብቻ ይዞ አይመለስም። ሰሙ እውነት ነው፤ አበሉት፥ አለበሱት፥ አስተማሩት፥ አለቀሱለትም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ወርቁ ግን ሌላ ነው፤ እንግዳ ማለት በእግሩ የመጣ፥ በፈቃዱም የሚሄድ ነው። ቤት ያፈረሰ እጅ የቤቱን ልጅ ቢያቅፍ፥ እቅፉ ሙቀት አለው፤ ዕዳውን ግን አይከፍልም።

ሁለተኛው ወዳጄ፥ «በአገሩ ቢቀር የአባቱ ጠላቶች ይገድሉት ነበር፤ መወሰዱ ምሕረት ነው» ብሎ ተከራከረ። ይሁን፤ ምሕረት በር ይከፍታል እንጂ ከኋላ አይቈልፍም። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ስለ አጽሙ መመለስ የተጠየቀው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፥ አጠገቡ የተቀበሩትን ሳይነኩ ማውጣት የሚቻል አይመስልም ብሎ መለሰ። የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ማክበር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሽኝቱ በሕይወቱ ሳለ ቢደረግ ኖሮ፥ ዛሬ አንድም መቃብር ባላስቸገረ ነበር። የዘገየ ሽኝት እንዲህ በየዓመቱ ይከብዳል።

በማታው መርከብ ተመለስን። ከሳምንት በኋላም ሲኤምሲ ስንደርስ፥ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ከደጃቸው ቆመው «እንኳን በደኅና ገባችሁ» አሉን። ይህን ቃል ዕድሜዬን ሁሉ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ክብደቱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ባሕሩ አንድ፥ ጠጠሩም አንድ ነበር፤ ለእኛ ሽርሽር ያደረገው የማታው መርከብ ነው።