«በምን ገመድ ነው የምትስበው?»

አንድ ሰው ያልገባውን ነገር «በምን አወቃችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ሳይንስ ያረጋገጠው ነው» ተብሎ ዝም እንዲል ይደረጋል፤ ወይ ደግሞ «ይህ አንተን አይገባህም» ተብሎ ይናቃል። ውድ አንባቢያን! ሁለቱም መልስ አይደሉም። የመጀመሪያው ማስፈራራት ነው፤ ሁለተኛው ስድብ ነው። ለመሆኑ አውቃለሁ የሚል ሰው ለሚጠራጠር ወንድሙ ምን ዓይነት መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት? ተጠራጣሪውስ በበኩሉ ግዴታ የለበትምን?

ነገሩን በደፈናው ከማተት የማውቀውን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ቆብና ጀለቢያ የሚሰፉ፣ በጣም የማከብራቸው አንድ ሐጂ አሉ። ዘመናዊ ትምህርት አልተማሩም፤ ነገር ግን ያልገባቸውን «ገባኝ» ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ስለ መሬት ስበት ስናወራ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «አንተ ልጅ! መሬት ድንጋዩን ትስበዋለች ትላላችሁ። መሳብ ገመድ ይፈልጋል። በምን ገመድ ነው የምትስበው?»

በዚህ ጥያቄ የሚስቅ ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ የስበትን ኃይል መጠን በሒሳብ አሳይቷል። ፀሐይ ያን ሁሉ ባዶ ሕዋ አቋርጣ ምድርን በምን እንደምትይዛት ግን አላወቀም፤ አለማወቁንም አልደበቀም። እንግዲህ ሐጂ የጠየቁት ኒውተን ራሱ የተቸገረበትን ጥያቄ ነው። መልስ የተገኘለት ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 አጠቃላዩን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርብ ነው። መልሱም «ገመድ የለም» የሚል ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከኬንያ ሌላው ከኡጋንዳ፣ የምድር ወገብ ከሚያልፍበት ሥፍራ ተነስተው ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ሰሜን ይጓዙ እንበል። ሲነሱ መንገዳቸው ጎን ለጎን ነው፤ ግራ ቀኝም አይሉም። ሆኖም እየተቀራረቡ ሄደው ሰሜን ዋልታ ላይ ይገናኛሉ። ማን ሳባቸው? ማንም አልሳባቸውም። የሄዱበት ምድር ድቡልቡል በመሆኑ ብቻ ነው። አንስታይንም ያለው ይህን የመሰለ ነው። ግዙፍ አካል በዙሪያው ያለውን ቦታና ጊዜ ያጎብጠዋል፤ የሚወድቀው ድንጋይ በዚያ ጎባጣ ውስጥ የራሱን ቀጥተኛ መንገድ ይከተላል እንጂ ጎታች የለውም።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ጠፍጣፋ ጨርቅ ራስ ላይ ሳይጨማደድ እንደማይቀመጥ እኔም አውቃለሁ» አሉ። ቆብ ሰፊ ናቸውና ጉብጠት ከመጽሐፍ በፊት በእጃቸው ገብቷቸዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምሳሌ ምሳሌ ነው። የምድር ጉብጠት በዓይን ይታያል፤ የጊዜ ጉብጠት ግን በዓይን አይታይም። ምሳሌውን ራሱን እውነት አስመስሎ መሸጥ ከአስተማሪ የማይጠበቅ እብለት ነው። ስለዚህ «ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ሌላ ነው» ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም።

ማስረጃው ምንድን ነው? ንድፈ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰዓት ዝቅ ካለው ይፈጥናል። በዚህ ስሌት መሠረት የአዲስ አበባ ሰዓት ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ካለው ሰዓት በቀን ከ20 ቢሊዮንኛ ሰከንድ በላይ ይቀድማል። በ70 ዓመት ዕድሜ ውስጥ ልዩነቱ ተደማምሮ የአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። ሐጂ ሳቁና «ይህን ደግሞ ማን ለካው?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው!

የለኩትን ሰዎች ልቁጠር። እ.ኤ.አ. በ1919 በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ከምዕራብ አፍሪካ ማዶ ባለችው የፕሪንሲፔ ደሴት፣ ሌላው በብራዚል ሶብራል ከተማ ሆነው፣ በፀሐይ አጠገብ የሚያልፍ የከዋክብት ብርሃን መጉበጡን ለኩ። አንስታይን ግርዶሹ ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ቁጥሩን ተናግሯል፤ 1.75 አርክ ሰከንድ ነው። (አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ እጅ ነው።) ልኬቱ ሻካራ ስለነበር የተጠራጠሩ ነበሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ ቡድን አውስትራሊያ ውስጥ በሌላ ግርዶሽ ለካ፤ ውጤቱም የፊተኛውን አጸና። እ.ኤ.አ. በ1971 ሐፍሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ፤ ሰዓቶቹ ምድር ላይ ከቀሩት ጋር ልዩነት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ33 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚበላለጥ ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ሰዓቶች መለያየታቸው ተለካ።

ይህም ሩቅ ከሆነ በስልክ የሚጠራውን ታክሲ እንመልከት። ታክሲው ደጃፋችን የሚደርሰው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚልኩት የሰዓት ምልክት ነው። በከፍታቸው ምክንያት ሰዓቶቻቸው በቀን 45 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይፈጥናሉ፤ በፍጥነታቸው ምክንያት 7 ይዘገያሉ፤ ሲቀናነስ 38 ይቀድማሉ። ብርሃን በዚህች ቅጽበት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መሐንዲሶቹ ይህን ልዩነት አስበው ባያርሙት ኖሮ ታክሲው የእኛን ደጃፍ አያገኝም ነበር።

«ታዲያ እኔ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም፤ ሒሳቡንም አልችልም። ብቀበል ተቅሊድ አይሆንብኝም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው። ነገር ግን የወሬን ተዓማኒነት እንዴት እንደሚመረምሩ ዑለማዎቻችን ያስተማሩን ሕዝቦች ነን። ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ታማኝ ነው? በሌላ መንገድ የመጣ ወሬ ይደግፈዋል? እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ የሰሙ ብዙ ሰዎች፣ በውሸት ሊስማሙ በማይችሉበት ሁኔታ ያስተላለፉትን ሙተዋቲር እንለዋለን። ሐዲስንና ፊዚክስን ማመሳሰሌ አይደለም፤ ደረጃቸው ለየቅል ነው። ግን ምስክርን የመመዘን ጥበብ ለሁለቱም ያገለግላል። በግርዶሽ፣ በአውሮፕላን፣ በላቦራቶሪና በሳተላይት የመጡ አራት የተለያዩ መንገዶች አንድ ነገር ሲመሰክሩ፣ ያንን መቀበል ዕውር መከተል አይደለም። ዕውር መከተል ማስረጃውን የሚደብቅን ሰው መከተል ነው።

ሌላው ተደጋግሞ የሚሰማ ወቀሳ «ዛሬ ያላችሁትን ነገ ትሽሩታላችሁ» የሚል ነው። ኒውተን ግን አልተሻረም፤ ዛሬም ሳተላይት የሚመጥቀው በአብዛኛው በእሱ ሒሳብ ነው። ወሰኑ ነው የታወቀው። ፈረንሳዊው ለቬርዬ እ.ኤ.አ. በ1859 የሜርኩሪ ፕላኔት ምህዋር በኒውተን ስሌት የማይገጥም ጥቂት ትርፍ እንዳለው አስታወቀ፤ ኋላ በተሻለ ስሌት በ100 ዓመት 43 አርክ ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ይህችን ቅንጣት ልዩነት «ትንሽ ናት፣ ትለፍ» አላሏትም። የአንስታይን ስሌት እስኪፈታት ድረስ ከ50 ዓመት በላይ በግልጽ ተጽፋ ኖራለች። ጉድለቱን በአደባባይ የሚጽፍ ሰው ሊታመን ይገባዋል ወይስ ሊወቀስ? በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሞተው ኢብኑል ሀይሠም ከ800 ዓመት በላይ ይቀድመው የነበረውን በጥሊሞስን አክብሮ አነበበው፤ አክብሮትም ሳይዘው «በበጥሊሞስ ላይ ያሉ ጥርጣሬዎች» የሚል መጽሐፍ ጻፈበት። ጥርጣሬ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም።

ይሁንና ጥርጣሬም ሥርዓት አለው። ተጠራጣሪ ሁለት ግዴታ አለበት እላለሁ። አንደኛ፣ ምን ቢያይ እንደሚቀበል መልሱን ከመስማቱ በፊት ይናገር። አንስታይን ቁጥሩን አስቀድሞ ሰጥቶ ራሱን ለመሸነፍ አጋልጧል፤ ጠያቂም እንዲሁ ያድርግ። ምንም ቢያይ የማይቀበል ሰው ተጠራጣሪ ሳይሆን እምቢተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ሚዛኑ አንድ ይሁን። ከሳይንቲስቱ የዓይን ምስክር እየጠየቀ፣ ላኪው ያልታወቀ የስልክ መልእክት በመጣ ቁጥር ያለ ምስክር የሚያምን ሰው ለመግዣ አንድ፣ ለመሸጫ ሌላ ሚዛን እንደሚይዝ ነጋዴ ነው። በሚዛን ማጭበርበር በዲናችን ምን ያህል የተወገዘ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

«ስለ ስበት ባይገባን ምን ይጎድልብናል?» ይባል ይሆናል። በእርግጥ ሐጂ ቆባቸውን ለመስፋት አንስታይን አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ስለ ድንጋይ ጠይቆ የተሳቀበት ሰው ነገ ሐኪም ስለ ልጁ ክትባት ሲነግረው አይጠይቅም። አንድም አፍሮ ሳይገባው እሺ ይላል፤ አንድም ተቀይሞ ልጁን ይዞ ይመለሳል። ያኔ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። በሰውና በዕውቀት መካከል ያለው መተማመን የሚገነባውም የሚፈርሰውም እንዲህ ባሉ ተራ ጥያቄዎች ነው።

ስለዚህ አውቃለሁ የምንል ሁሉ «በምን አወቃችሁ?» የሚለውን ሰው እንደ ባላንጣ አንየው። መንገዱን እናሳየው፤ የምናውቅበት ሲያልቅም «ከዚህ በላይ አላውቅም» እንበለው። የቀደሙት ዑለማዎች ተመራምረው፣ ጽፈውና አስተምረው ሲያበቁ «ወላሁ አዕለም» ይሉ ነበር። ይህ ዕውቀታቸውን አላሳነሰባቸውም፤ ይበልጥ አስከበራቸው እንጂ።