ስለ አንድ የመኪና መሪና ስለ አምስተኛው ትእዛዝ



ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ አንደበት ሲያስተምር የመርከብን ምሳሌ ያመጣል፤ ያን የሚያህል ግዙፍ ነገር በአንዲት ትንሽ ዕቃ እንደሚመራ ያሳስበናል። በሁምቦ የምንኖር እኛ የአባያን ሐይቅ ከሩቅ እያየን ብንውልም ስለ መርከብ የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለ መኪና መሪ ግን የምንነግራችሁ አለን፤ የምንነግራችሁም የራሳችንን ጥፋት ነው።

ወደ ጸሎት ቤቶቹ የምንመላለስበት ላንድሮቨር ዲፌንደር በዕድሜ ከአንዳንዶቹ ካቴኪስቶቻችን ይበልጣል። የመሪው ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ተሰነጣጥቆ ስለ ነበር በጨርቅ ጠቅልለን ብዙ ወራት ነዳነው። ጨርቁ ስንጥቁን ከዓይናችን ሰወረልን እንጂ አልጠገነውም፤ በመጨረሻም ክቡን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ላልቶ በእጃችን ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ወደ ጠበላ ሲወረድ፣ ይልቁንም በገበያ ቀን፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ከብት የሚነዱ ልጆች፣ ባጃጅና አህያ አንዱን የመንገድ ጠርዝ ተካፍለው ይሄዳሉ። በዚያ ቁልቁለት ከኋላችን ስምንት ሰዎች አሳፍረን፣ መሪው እንደሚወዛወዝ እያወቅን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግመን ወርደናል።

የቀድሞው ዲፌንደር መመረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ስላበቃ መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። አንድ በጎ ሰው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጎ፣ ያገለገለ ነገር ግን ደኅና የሚመስል መሪ ገዝቶ ላከልን። እኛ የነገርነው የመኪናውን ስም ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዝግታ እየነዳን ሶዶ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድነው።

መካኒኩ ገና ወጣት ነው። አስቀድሞ የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ የክላክሱ ሽቦ በመሪው ውስጥ ስለሚያልፍም የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ከዚያ የመሐሉን ክዳን አንሥቶ ዳዶውን አላላው እንጂ ጨርሶ አላወጣውም፤ ምክንያቱን ብንጠይቀው፣ የተጣበቀ መሪ በድንገት ሲላቀቅ የሚጎትተውን ሰው ፊት እንደሚመታ ነገረን። ዘንጉን በመዶሻ ከመቀጥቀጥም ይልቅ መሪውን በመሳቢያ ጎትቶ አወጣው። (ኤር ባግ ያላቸውን አዳዲስ መኪኖች ግን ያልሠለጠነ ሰው ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም።) ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ አዲሱን መሪ አንሥቶ ውስጡን ተመለከተ፤ በጥፍሩ እየነካ ቈጠረ፤ እንደገናም ቈጠረ።

«አባ፣ ይህ መሪ የዚህ መኪና አይደለም» አለን።

የዘንጉ ጫፍ ዙሪያውን በጥቃቅን ጥርሶች የተቀረጸ ነው፤ የመሪው እምብርትም በውስጡ በዚያው ልክ ጥርስ አለው፤ ሁለቱ ሲነካከሱ ነው የእጃችን ፈቃድ ወደ ጎማው የሚደርሰው። ዲፌንደር ግን ሁሉም አንድ አይደለም፤ የቀደሙት 36 ጥርስ ሲኖራቸው የኋለኞቹ 48 አላቸው። የእኛ መኪና ባለ 36 ነው፤ የተላከልን መሪ ባለ 48 ነበር።

በነጋታው እሑድ እንደ ሆነና ሦስት ጸሎት ቤቶች እንደሚጠብቁን ነገርነው። «ልጄ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርገህ አስገባው፤ ዳዶውን አጥብቀው፤ የቀረውን እግዚአብሔር ይጠብቀናል» አልነው። እርሱም ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ «በመዶሻ ይገባ ይሆናል፤ ግን አይያዝም አባ። ቁልቁለት ላይ መሪው በእጅዎ ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም። እኔ አልገጥመውም» አለ።

ተቈጣን። ያን ጊዜ የተናገርነውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። መኪናውን እዚያው ትተን፣ የድካሙንም ዋጋ ሳንከፍለው ወጣን።

ማታ ጸሎታችንን ስናደርስ ያ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» ያልነው ቃል ተመልሶ መጣብን። ዲያብሎስ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ የጠየቀው ምን ነበር? መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር የሚል አልነበረምን? እኛም በሃይማኖት ቃል ያንኑ ለመንን፤ ልዩነቱ ስምንት ሰዎችን ከእኛ ጋር ልንወረውር ማሰባችን ነው። አትግደል የሚለውን አምስተኛውን ትእዛዝ ለልጆች ስናስተምር ስለ ጦርና ስለ ጥይት እንናገራለን። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ግን በቊጥር 2290 በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር የራሱንና የሌላውን ሕይወት በመንገድ ላይ አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ከባድ በደል እንዳለበት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከቫቲካን የወጣው የመንገድ ሐዋርያዊ አገልግሎት መመሪያም ለአሽከርካሪዎች ዐሥር ትእዛዛት ሲሰጥ የመጀመሪያው ይኸው አትግደል የሚለው ነው። ስለ ላላ መሪ በስሙ ባይጻፍም፣ ሕሊናችን ግን ያለ ጽሑፍ ነገረን።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ሌላ ነው። በአገራችን ካህን የጠየቀውን እንቢ ማለት ነውር ይመስላል። ያንን እያወቅን ክብራችንን እንደ መዶሻ ተጠቀምንበት። ያ ወጣት «እሺ አባ» ቢል ኖሮ ገንዘቡን ይቀበል፣ እኛም መርቀነው እንሄድ ነበር።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ይህ በእናንተም ዘንድ በየዓመቱ ይደርሳል። ትምህርቱን ያልተከታተለውን ልጅ ለቊርባን መዝግቡልን የሚል አባት ይመጣል፤ ድግሱ ተጠንስሷልና የጋብቻው ትምህርት ይጠርልን የሚሉ ቤተ ዘመዶች ይመጣሉ፤ አንዳንዴም፣ እናምናለን፣ የቁምስናው ካህን ራሱ ቦታው ባዶ ሆነ ብሎ ያልተዘጋጀ ሰው ለአገልግሎት አቁሙ ይላችኋል። በቋንቋችን ሰውም ዕቃውም መሪ መባሉ በከንቱ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ እንደዚያ ወጣት ዓይናችሁን ወደ መሬት ጥላችሁም ቢሆን፣ አይያዝም በሉ። የሚቈጣባችሁ ቢኖር ይቈጣ።

ትክክለኛው መሪ እስኪመጣ ዐሥራ አንድ ቀን ቈየ። በሁለቱ እሑዶች ቅዳሴ ባልደረሰባቸው ጸሎት ቤቶች ካቴኪስቶቹ ሕዝቡን ሰብስበው የቃለ እግዚአብሔርን ሥርዓት መሩ፤ ከምእመናንም ያጉረመረመ አልሰማንም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ተመልሰን ወጣቱን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ሥራውን ጀመረ። ባለ 36 ጥርስ መሪ በአንድ ጥርስ ቢሳሳት 10 ዲግሪ ያዘማል፤ ስለዚህ ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን ወርዶ አይቶ፣ መሪውን አስቀምጦ፣ እንደገና ወርዶ አየ። አዲስ ሮንዴላ ከቶ ዳዶውን ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ አጠበቀው፤ ባትሪውን አገናኝቶ ክላክሱን ሞከረ፤ ከዚያም በግቢው ውስጥ በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዞረው። የዚያን ቅዳሜውንና የዕለቱን ዋጋ አንድ ላይ ስንሰጠው የቅዳሜውን ሊመልስልን ፈለገ፤ እንቢ ብንለው ተቀበለ። ስንወጣ የመኪናውን በር ይዞ፣ «አባ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ዳዶውን እንደገና ላየው ይገባል፤ እንዳይረሱ» አለን። ቀኑን በቅዳሴ መርሐ ግብራችን ዳር ላይ ጻፍነው።