እናልቅስላቸው ወይስ እንሰርዛቸው?

ወረቀቱ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይሰፋም። ክንፉን ዘርግቶ ደርቆ በእስፒል ከተወጋ ቢራቢሮ ሥር ይሰካል፤ በላዩም በደበዘዘ ቀለም አንዲት ቃል ተጽፋ ትገኛለች፦ «አቢሲኒያ»። ወንዝ የለ፣ ተራራ የለ፣ አውራጃ የለ፣ ወር የለ፣ ዕለት የለ። ወገኖቼ ሆይ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ፣ ከእናንተም ጋር ራሴን የምወቅሰው፣ በዚህች ወረቀት ነው። ለቢራቢሮ ተብሎ ተግሣጽ ምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ በጥቂቱ ያልታመነ በብዙ እንደማይሾም በልጅነቱ የሰማውን ያስታውስ።

አቢሲኒያ ማለት የት ነው? ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚነድደው ዳሎልም፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ወጥቶ አመዳይ የሚለብሰው ራስ ደጀንም በዚያች ቃል ውስጥ አሉ። የኦሞ ቆላ፣ የከፋ ጫካ፣ የጣርማ በር ጉም፣ የኦጋዴን አሸዋ ሁሉ በአንድነት ተጠቅልለዋል። ቃሏ ራሷም የታወቀ ድንበር አልነበራትም። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉት ጀርመናውያን ከ1820 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ጀምሮ ግብፅንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲዞሩ ኖረው፣ በ1825 ሄምፕሪክ በምጽዋ ሞቶ በዚያው ቀረ፤ ጓደኛው ይዞት የተመለሰውን የነፍሳት ስብስብ በርሊን ውስጥ ክሉግ የተባለው ሊቅ መረመረው። ደጋውን ሳይወጡ ያዩት የባሕር ዳር ምድርም በዚያ ዘመን ጽሕፈት ሐበሻ ይባል ነበር። እንግዲህ አንድ ዝርያ «ከአቢሲኒያ» ተብሎ ሲጻፍ ዛሬ ኤርትራ ከምንላት ምድር ይሁን ከሸዋ ተራራ፣ ወረቀቷ አትናገርም።

የቦታ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማወቅ የሚሻ አንቲኖሪን ይመልከት። ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1870 ቦጎስን አይቶ፣ ኋላም ወደ ሸዋ ዘልቆ፣ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ በሰጡት በሌት ማረፊያ ተቀምጦ ወፉንና ነፍሳቱን ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው ዐረፈ። በማግሥቱ ዓመት ኦበርቱር የተባለው ፈረንሳዊ አንዱን ባለ ጭራ ቢራቢሮ በሟቹ ስም ጠራው። ይህ ፍጥረት ድንቅ ነው። በአብዛኛው የአፍሪቃ ምድር የዚህ ዝርያ እንስት ጭራዋን ጥላ፣ ወፍ የማይደፍራቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መልክ ለብሳ፣ ከባሏ ጋር ዘመድ እንኳ የማትመስል ሆና ትበራለች፤ በእኛ ደጋ ግን ብዙዎቹ እንስቶች እንደ ወንዱ ቢጫ ሆነው፣ እንደ ወንዱ ጭራቸውን ይዘው ይኖራሉ፤ በማዳጋስካርም እንዲሁ ነው። የሊቨርፑሎቹ ክላርክና ሼፐርድ የእኛን ወገንና የማዳጋስካሩን እያዳቀሉ የመልክ ውርስ እንዴት እንደሚሄድ መርምረው በ1960 አሳተሙ። የዝግመተ ለውጥ ትልቅ ጥያቄ በአንድ የአገር ስም ላይ ቆመ ማለት ነው። ያ ስም ሐሰት ቢሆን ኖሮስ?

ከአንቲኖሪም በኋላ ሌሎች ሰብሳቢዎች መጥተዋል። ኡንገማህ በ1932 የአቢሲኒያን ቢራቢሮዎችና የእሳት ራቶች ጻፈ። የኦክስፎርዱ ሔል ካርፔንተር ጠላት ድንበራችንን በጣሰበት በዚያው በ1935 የአገሪቱን የቀን ቢራቢሮዎች የሚዘረዝር ሰፊ ጥናት አወጣ። ከፓሪስ የመጣው ሩዦ ከ1973 እስከ 1975፣ ዙፋን ሲወድቅና አብዮት ሲነሣ፣ መረቡን ይዞ በተራሮቻችን ላይ ይመላለስ ነበር። በ1940 የደጋው ብርቱካንማ ቢራቢሮ የምኒልክን ስም ይዞ ተሰየመ፤ በ1979 ሌላው የገላውዴዎስን ስም ይዞ ወጣ። ሰያሚዎቹ ግን ከእኛ አልነበሩም። አዳም በፊቱ ለቀረበለት ፍጥረት ሁሉ ስም እንዲያወጣ አደራ ተቀብሎ ነበር። ፈረሱን ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች፣ ዱሪ፣ አምባላይ ብለን በመልኩ የለየን ሕዝብ፣ በደጃችን የሚበረውን ይህን ሁሉ ቀለም «ቢራቢሮ» ብለን በአንድ ቃል ዘጋነው። ለፈረሱ ዐይን ነበረን። ለዚህ አልሰጠንም።

ባዕዱን መውቀስ ይቀልላል፤ ስንወቅስም ኖረናል። ነገር ግን መረቡን የተሸከሙለት፣ ጅረቱን ያሻገሩት፣ እያንዳንዱን ሸንተረር በስሙ የሚያውቁ የአገር ልጆች አብረውት ነበሩ። እርሱ አልጠየቀ ይሆናል፤ እነርሱም አልተናገሩ ይሆናል። የዚያ ዘመን በደል ከዚያ ዘመን ጋር ይሁን። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ገብተን፣ የነፍሳትን ክፍል በእንግሊዝኛ ሸምድደን፣ ለፈተና ጽፈን ከፈተናው ማግሥት ረስተን፣ ዲግሪ ጭነን፣ ወደ ጫካ ለሥራ ስንላክ ከመኪናው ሳንርቅ ውለን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን ቀኑንና ቦታውን ሳንጽፍ፣ የሙያ ባልደረባችን «ይህ የት ነው?» ሲል «ደቡብ አካባቢ» ብለን፣ ዘገባ ሲጠየቅብን የጥንቱን ዝርዝር አውጥተን ከላይ እስከ ታች ገልብጠን፣ የሚያጠራጥረውን ዝርያ ከማያጠራጥረው ሳንለይ፣ ከገለበጥነውም በታች የራሳችንን ስም ፈረምን። አላየንም። እንዳየን ጻፍን። ምስክርነታችንንም ማንም አልመረመረብንም፤ መርማሪዎቹም እኛው ነበርንና።

ሐሰት እንዴት እንደሚያረጅና ሽበት አብቅሎ እንደሚከበር ታውቃላችሁ። አንዱ በግምት ይጽፋል፤ ሁለተኛው «እንደሚባለው» ብሎ ይጠቅሳል፤ ሦስተኛው «እንደሚባለው» የምትለውን ይጥላል፤ አራተኛው «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምራል። በሃያኛው ምእት ዓመት መባቻ አርባ በመቶው ምድራችን ደን ነበር የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? ማን ለካው? የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ቁጥር ሥር ሲከተል የሚያቆመው መሠረት እንደሌለ አሳይቷል። ደን አልተመነጠረም ማለቱ አይደለም፤ ተመንጥሯል፣ ዐይናችን እያየ፣ አንዳንዴም በገዛ እጃችን። ለእውነተኛ ኀዘን የሐሰት ምስክር ማቆም ግን ኀዘኑን ያረክሰዋል። ይህን ቁጥር እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አንባቢም አመስግኖኛል።

በሌላውም አገር ሐሰት ነበረ። በ1702 አንድ እንግሊዛዊ ጥቁር ነጥብ ያለበት ቢጫ ቢራቢሮ ለጄምስ ፔቲቨር ላከ፤ ሊኔየስ ራሱ፣ የፍጥረትን ስም በሥርዓት ያደራጀው ያ ታላቅ ሰው፣ በ1763 አይቶ አዲስ ዝርያ ነው አለ። በ1793 ፋብሪሲየስ ቀረብ ብሎ ሲመለከተው ነጥቡ በብሩሽ የተቀባ ቀለም ሆኖ ተገኘ። ዘጠና ዓመት! ነገር ግን አንድ ሰው ቀረብ ብሎ ተመለከተ። ሊኔየስን ያህል ሰው ተሳስቷል ለማለት አልፈራም። በእኛ ዘንድ ማን ነው የመምህሩን ዝርዝር ቀረብ ብሎ የሚያይ? ትሕትና እያልን የምንጠራው ዝምታ ስንት የተቀባ ነጥብ ሸሽጎ ይኖር ይሆን?

ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። አንድ ዝርያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት «አቢሲኒያ» ተብሎ ተመዝግቦ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም እንበል። ምናልባት በእውነት ነበረ፤ ጫካው ሲመነጠር አባጨጓሬው የሚመገበው ቅጠል ጠፍቶ አብሮ ጠፋ። ምናልባትም ከቶ አልነበረም፤ በረጅም ጉዞ ላይ ሣጥን ከሣጥን ተደባልቆ፣ ወይም ሻጭ ዋጋ ሊያስወድድ ብሎ፣ ወይም የደከመ አእምሮ ከዓመት በኋላ ላስታውስ ብሎ፣ የእኛን ስም ለጠፈበት። ለመጀመሪያው ማልቀስ ይገባናል። ሁለተኛውን መሰረዝ ይገባናል። እኛ ግን የምናለቅስለትን ከምንሰርዘው መለየት አልቻልንም፤ ሙት ይሁን ያልተወለደ ሳናውቅ ስሙን በመዝገብ ላይ አንጠልጥለን ትተነዋል። ሦስተኛም ነገር አለ፣ እርሱም ያስፈራኛል፦ ዛሬም በአንድ ሸለቆ ውስጥ በሕይወት ይበር ይሆናል፤ የመጨረሻው ዛፉም በዚህ ክረምት ይቆረጥ ይሆናል።

እንግሊዞች «ትልቁ ሰማያዊ» የሚሉት ቢራቢሮ ከምድራቸው የጠፋበትን ዓመት ያውቁታል፤ 1979 ነው። እጩ በአንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን ጎጆ ውስጥ እንደሚያድግ፣ ጉንዳኑም ከብት ግጦ ያሳጠረውን ሣር እንደሚወድ፣ ሣሩ ሲረዝም ጉንዳኑ እንደሚሸሽ በትዕግሥት ደርሰውበት፣ ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን እያመጡ መለሱት። የመለሱት የጠፋውን ስላወቁ ነው። ከየትኛው ኮረብታ፣ በየትኛው ዓመት፣ ማን እንዳየው ተጽፎ ነበር። እኛ የጠፋብንን ለመመለስ የት ሄደን እንቁም? «አቢሲኒያ» ላይ?

ልማዳችን ግን ይህ አልነበረም፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። አባቶቻችን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ብርዕ ቀርጸው በጻፉት መጽሐፍ ማብቂያ ላይ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ በማን ዘመን እንደተፈጸመ ያኖሩ ነበር። የዘለሉትን ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ይመልሱት ነበር፤ ስሕተት ሲገኝ ማረም እንጂ መሸፈን አልተማሩም። ስንክሳር ከመስከረም 1 ጀምሮ ዕለቱን ለይቶ የየቅዱሱን ነገር የሚያነብልን፣ ዕለት የሌለው መታሰቢያ መታሰቢያ ስላልሆነ አይደለምን? በሁለትና በሦስት ምስክር ነገር እንዲጸና የተማርን አይደለንምን? ይህን ሚዛን ከማንም አልተዋስነውም። በቅኔ ማኅሌቱና በዐውደ ምሕረቱ ትተን ወጣን፤ በቢሯችን፣ በማስታወሻችን፣ በጥናታችን ላይ ሳናደርሰው ቀረን።

እንመለስ። የምንመለስበትም መንገድ ሩቅ አይደለም። በየገጠሩ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቆመው ደን፣ ወይራውና ጽዱ፣ ዝግባውና ዋንዛው፣ አካባቢው ሁሉ ሲታረስ እርሱ ቀርቷል፤ በየእሑዱ በሥሩ እናልፋለን፣ ጥላው ደስ ይለናል፣ በላያችን የሚበረውን ግን ቀና ብለን አላየንም። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ አንድ ልጅ ይዛችሁ ግቡ። መግደል አያስፈልግም፤ በስልካችሁ አንሡት። የአጥቢያውን ስም ጻፉ፤ ከፍታውን ጻፉ፤ ዕለቱን ጻፉ፤ የተቀመጠበትን ቅጠል የአገሩ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ስማችሁን፣ ስሕተቱ በእናንተ ላይ እንዲፈለግ። ያላወቃችሁትን አላውቅም በሉ። የጥንት ዝርዝር የምትይዙ ሁሉ ደግሞ፣ በየዝርያው አንጻር ማን አይቶት፣ የት አይቶት፣ ናሙናውስ የት እንዳለ ጠይቁ፤ መልስ ያላገኛችሁለትን አታጥፉት፣ አትተማመኑበትም፤ በኅዳጉ «ያጠራጥራል» ብላችሁ ለሚመጣው ትውልድ ምልክት አኑሩ። የታዋቂን ሰው ስም አክብራችሁ የሐሰቱን መዝገብ አታክብሩ።

እኔም ያለብኝን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት ከምዕራብ ስመለስ በደብተር ወረቀት የጠቀለልሁትን አንድ ቢራቢሮ ከወራት በኋላ ከቦርሳዬ ኪስ አገኘሁት። ቦንጋ አጠገብ ይሁን በለጠ ጫካ፣ አላስታወስሁም። «በለጠ» ብዬ ጻፍሁበት፤ ቀኑንም በግምት ሞላሁት፤ ባዶ ወረቀት አሳፍሮኝ ነበር። ቆይቶ አንድ ወጣት ተማሪ ሣጥኔን ሲያይ «በእርግጥ ከበለጠ ነው፣ ጋሼ?» አለኝ። አዎን አልሁት። ገልብጦ ወሰደው። በጽሑፉም ውስጥ በእኔ ስም ተጠቅሶ ይገኛል።

በዚህ ሳምንት ስልክ ደወልሁለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «እንዴት ላርመው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በቀለለኝ ነበር። ከዚያ ሣጥኑን ከፍቼ አሮጌውን መለያ ሳልቀድድ እዚያው ተውሁት፤ በእርሱ ሥር «ቦታው አይታወቅም፤ ከላይ ያለውን የጻፍሁት በግምት ነው» ብዬ ልጽፍ ተነሣሁ። ቃሉ አልበቃ አለኝ። ወረቀቱ ለአንዲት ቃል ተለክቶ የተቆረጠ ነበር፤ መቀስ አንሥቼ ሌላ ሰፊ ቆረጥሁ።