ዋጋ የማይጠየቅበት ዳርቻ

ሰው በቀላሉ ያገኘውን አያከብርም የሚለው እምነት በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ የጸና ነው። በአንድ ቀን፣ በጥቂት ገንዘብ፣ ላብ ሳያፈስሱ በመኪና ዞረው የሚያዩት የተፈጥሮ ውበትም ከመዝናናት ያላለፈ ተደርጎ የሚቆጠረው ከዚህ የተነሣ ነው። እኔ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው። የፍጥረት ውበት ስጦታ ነውና ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ለድኻ ክፍት መሆኑ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ለአማኝ ደግሞ የሃይማኖት ጉዳይ ጭምር። ተመልካቹ ዕዳ የለበትም አልልም። ዕዳ አለበት፤ በገንዘብ የሚከፈል አይደለም እንጂ። ለዚህ ነገር በስኮትላንድ ምሥራቅ ያለውን የፋይፍን የባሕር ዳርቻ ያህል ጥሩ ምስክር አላውቅም።

ከኤድንብራ ተነሥቶ በፎርዝ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳር ወደ ሴንት አንድሩስ የሚያደርሰው የባሕር ዳር መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት የወጣ ሰው እየቆመ፣ እያየ ሄዶ ማታ ቤቱ ይገባል። አራት ሰዎች ነዳጁን ተካፍለው ምሳቸውንም ከቤት ከቋጠሩ፣ ከዚያ ወዲያ የግድ የሚያወጡት ከመኪና ማቆሚያ ብዙም አያልፍም። የኢሊ ሰፊ አሸዋ፣ በፒተንዊም ወደብ የታሰሩት የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች፣ በክሬይል ወደ ትንሿ የድንጋይ ወደብ ቁልቁል የሚወርዱት ባለ ቀይ ሸክላ ጣሪያ ቤቶች፣ ሁሉም ያለ ቲኬት ይታያሉ። ከአንስትራዘር ማዶ ሜይ የምትባለው ደሴት ባሕሩ ላይ ተጋድማለች፤ ፓፊን የሚባሉት መንቁራቸው በቀለም ያጌጠ ወፎች በየዓመቱ እየመጡ ይፈለፍሉባታል። የሚከፈልባቸው ነገሮችም አሉ። አንስትራዘር ያለው የዓሣ ማጥመድ ሙዚየም አንዱ ነው፤ መከፈሉም ያስቆጫል አልልም፤ ባሕሩ ግን የሙዚየሙ ግቢ አይደለም።

መንገዱ እንዲህ ክፍት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ11ኛው መቶ ዘመን የስኮትላንድ ንግሥት ማርጋሬት የሐዋርያው እንድርያስ ዐፅም አለበት ወደሚባለው ወደ ሴንት አንድሩስ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ባሕረ ሰላጤውን የሚሻገሩባቸው ጀልባዎች አዘጋጅታ፣ ከእነርሱ ክፍያ እንዳይጠየቅ አዘዘች። በዚያ መሻገሪያ በጀልባ ማቋረጥ እስከ 1964 ዘለቀ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ የመኪና ድልድይ ተተካ፤ ድልድዩም ለብዙ ዓመታት ሲያስከፍል ቆይቶ በ2008 ክፍያው በሕግ ቀረ። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ደግሞ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተመላለሰ ድረስ በአብዛኛው መሬትና በባሕር ዳር እንዲሄድ መብት ሰጠው፤ መሬቱ የማንም ይሁን። ንግሥቲቱና የዘመናችን ሕግ አውጪዎች በዓላማ የተራራቁ ናቸው። ሆኖም ሁሉም አንድ ነገር ተቀብለዋል፤ በሰውና ሰው ባልሠራው ነገር መካከል ቆሞ ቀረጥ መሰብሰብ እንደ ማንኛውም ንግድ የሚታይ አይደለም። የገበያን ነገር አጥልቆ የመረመረው አዳም ስሚዝ በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው በከርኮዲ በ1723 ተወለደ፤ በ1776 ያሳተመውንም ትልቁን መጽሐፉን አብዛኛውን እዚያው ጻፈው። ውኃ ለሕይወት እጅግ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ በገበያ ምንም እንደማያወጣ፣ አልማዝ ደግሞ ጥቅሙ ጥቂት ሆኖ ብዙ እንደሚያወጣ በዚያ መጽሐፍ አመልክቷል። ገበያው የሚነግረን ነገሩ ምን ያህል እንደሚያወጣ ነው፤ ምን ያህል ሊከበር እንደሚገባው ከገበያ አይጠየቅም።

ከሃይማኖት ወገን የሚነሣው መቃወሚያ ከባድ ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርናን አውድማ እንዲያው ውሰድ ሲባል እምቢ ብሎ ከበሬዎቹ ጋር በ50 ሰቅል ብር ገዛው፤ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብ አልወደደም። የግሸንን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ተሳላሚም ይህን ያውቃል፤ ድካሙ የጸሎቱ አካል ነው። ታዲያ በመኪና ወንበር ተቀምጦ ባሕር ማየት ከዚህ ጋር ምን ኅብረት አለው? መልሱ ያለው በአቅጣጫው ነው። መሥዋዕት ከሰው ወደ አምላክ ይወጣል፤ ውበት ከአምላክ ወደ ሰው ይወርዳል። ዳዊት ለመሠዊያው ከፈለ እንጂ በአውድማው ላይ ለወጣችው ፀሐይ አልከፈለም። እንዲያውም ክፍያ በዚህ በኩል አደጋ አለው። ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ዝናብ ሲዘንብበት የተበደለ ይመስለዋል፤ ሰማዩ ሲጠራለት ደግሞ የገዛውን ዕቃ እንደተረከበ ያህል ያየዋል። ምንም ያልከፈለ ሰው ግን የእኔ ነው የሚልበት ምክንያት የለውም፤ የሚቀረው ማመስገን ብቻ ነው። ያልደከመለትን ሳያስተውል የሚያልፍ ሰው አይጠፋም፤ ይህ ጥፋት ግን የስጦታው ሳይሆን የተቀባዩ ነው፤ ቲኬት ማስቆረጥም አያድነውም። የስጦታና የክፍያ ጠብ በመንገዱ መጨረሻ፣ በሴንት አንድሩስ፣ በድንጋይ ላይ ይታያል። በ1318 የተባረከው ታላቅ ካቴድራል በ1559 የተሐድሶ እንቅስቃሴ ደጋፊዎች እጅ ውስጡ ተመዘበረ፤ በኋላም ፈረሰ። ጸጋ በገንዘብና በስለት አይገዛም የሚለው ትምህርታቸው አንድ ነገር ነው፤ የጸሎት ቤት ማፍረስ ሌላ፤ የኋለኛውን የሚያጸድቅ ምክንያት አይታየኝም።

ለእኔ ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላ መቃወሚያ ነው። የዛሬው ተጓዥ በነጻ የሚያየውን ሌላ ሰው ከፍሎበታል። ይህ ዳርቻ የድንጋይ ከሰልና የጨው አገር ነበር፤ ከሰሉ እየነደደ የባሕር ውኃ በምጣድ ይፈላና ጨው ይወጣ ነበር። በ1606 የስኮትላንድ ፓርላማ ያወጣው ሕግ የከሰልና የጨው ሠራተኞች ያለ ጌታቸው ፈቃድ ሥራቸውን ትተው እንዳይሄዱ አሰራቸው፤ ልጆቻቸውም በልማድ በዚያው ቀንበር ሥር ይገቡ ነበር። ቀንበሩ በ1775 መላላት ጀመረ፤ ሙሉ በሙሉ የተሰበረው በ1799 ነው፤ አዳም ስሚዝ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ዛሬ በሴንት ሞናንስ ፎቶግራፍ የሚነሣው የነፋስ ወፍጮ የዚያው ዘመን የጨው ሥራ ቅሪት ነው፤ የባሕር ውኃውን ወደ ምጣዶቹ ይስብ ነበር። እንግዲህ ውበቱ ነጻ ነው የሚለው አባባል መታረም አለበት። ባሕሩንና ብርሃኑን ማንም አልሠራቸውም፤ ለእነርሱ ምስጋና ይበቃል። ወደቡን፣ ግንቡንና የጨው ቤቱን ግን ሰዎች ሠሯቸው፤ አንዳንዶቹም ሳይወዱ። ለእነዚህ የሚገባው ዕዳ ማወቅና ማስታወስ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ ከፍ በማድረግም አይወራረድም። ክፍያው ከፍ ቢል ቀድሞ ከዳርቻው የሚቀረው የእነዚያው ሠራተኞች የልጅ ልጅ ነው።

መኪና ሁሉ ሰው የለውም፣ አየሩንም ይበክላል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ለዚህም ነው መኪናውን ከጉዞው ጋር አንድ አድርጎ ማየት የማይገባው። የ2003ቱ ሕግ ራሱ የመመላለስ መብቱን ለሞተር ተሽከርካሪ አልሰጠም። ከ2022 ጀምሮ በስኮትላንድ የሚኖሩ ከ22 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ወጣቶች በአውቶቡስ በነጻ መሄድ ይችላሉ፤ 60 ዓመት የሞላቸው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ተፈቅዶላቸዋል። የኔ ክርክር ለመኪና ሳይሆን ለመድረስ ነው፤ መኪና ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ ርካሹ መንገድ ከሆነ ይነዳ፤ ነገ አውቶቡሱ ከረከሰ እርሱ ይሻላል። ድኻ የሚያስፈልገው እንጀራ እንጂ ባሕር አይደለም የሚለውን ግን አልቀበልም። ሰንበት ለባሪያውም ለመጻተኛውም ታዟል፤ ዕረፍት ከጠገቡ በኋላ የሚመጣ ቅምጥልነት ቢሆን ኖሮ ለእነርሱ ባልታዘዘ ነበር።

በዚያ አገር የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ አንባቢዎች፣ አንድ ቀን ይህን መንገድ ያዙ። ሴንት ሞናንስ ስትደርሱ መኪናውን አቁማችሁ በእግራችሁ ወደ ነፋስ ወፍጮው ሂዱ፤ የጨው ቤቶቹን መሠረት ፈልጋችሁ እዩ፤ ልጆች ከያዛችሁም በዚህ ዳርቻ እነማን እንደ ሠሩና መቼ ነጻ እንደወጡ ንገሯቸው።